ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ጸጥ ያለ ቤት እንዴት እንከራይ? ከፍለጋ እስከ ቁልፍ ርክክብ

«ጸጥ ያለ ሰፈር፣ ለዩኒቨርሲቲ ቅርብ» የሚል የኪራይ ማስታወቂያ ያላየ ቤት ፈላጊ የለም። ሁለቱ ነገሮች አብረው መገኘታቸው ግን እንደሚወራው ቀላል አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ብዙ ወጣት በአንድ ሰዓት የሚገባበትና የሚወጣበት፣ በፈተና ሰሞን ጭር የሚል፣ ፈተናው ባለቀ ማግስት የሚደምቅ ቦታ ነው። በዙሪያው ያለው ሰፈርም የትምህርቱን ካላንደር ተከትሎ ይጮኻል፣ ይተኛል። ስለዚህ ጸጥታን የሰፈር መለያ አድርጎ ከመፈለግ የሰዓት ጉዳይ አድርጎ መፈለግ ይሻላል። ቤቱ ጸጥ የሚለው መቼ ነው? እርስዎ ጸጥታ የሚፈልጉትስ መቼ ነው? ሁለቱ ከገጠሙ የሚፈልጉትን ቤት አግኝተዋል።

ደረጃ 1፦ ጸጥታዎን በሰዓት ይጻፉ

ማስታወቂያ ማየት ከመጀመርዎ በፊት ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ያስፍሩ፦ የሚተኙበትን ሰዓት፣ የሚያነቡበትን ወይም የሚሠሩበትን ሰዓት፣ በምንም መንገድ ልችለው አልችልም የሚሉትን ድምፅ። ሌሊቱን ሲያነብ አድሮ ረፋድ ላይ የሚተኛ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ትምህርት ቤት አጠገብ ቢከራይ ይቸገራል። በጊዜ ተኝታ ጎህ ሲቀድ ለምትነሣ መምህርት ግን ያው ቤት ምንም አይላትም። የልጆች ጫጫታ የማይረብሸው ሰው በሩቅ በሚመታ የሙዚቃ ቤዝ እንቅልፍ ሊያጣ ይችላል። ይህን ሳያውቁ ቤት ማየት ጊዜ ማባከን ነው።

እዚያው ወረቀት ላይ የገንዘቡን ጣሪያ ያስቀምጡ። ጣሪያው የኪራዩ ብቻ አይሁን፤ ውሃ፣ መብራት፣ ኢንተርኔት፣ ቆሻሻ ማንሻ፣ የጋራ አገልግሎት ክፍያና ትራንስፖርት ተደምረው የሚመጣው ወርኃዊ ድምር ይሁን። ለመግቢያ የሚያስፈልገው ደግሞ ለብቻው ይሰላ፦ የመጀመሪያ ኪራይ፣ ማስያዣ፣ የደላላ ክፍያ፣ የዕቃ ማጓጓዣ፣ ለጥቃቅን ጥገና የሚሆን ትንሽ ገንዘብ። ብዙ ሰው ወርኃዊውን እየቻለ የሚሰናከለው በዚህ በመግቢያው ነው።

ደረጃ 2፦ ካርታ ላይ ይሥሩ

ርቀቱን ከዩኒቨርሲቲው መካከል አይለኩ። እርስዎ በየቀኑ ከሚጠቀሙበት በር ይለኩ። ትልልቅ ግቢዎች ብዙ በር አላቸው፤ አንዳንዱ ማታ ይዘጋል፣ አንዳንዱ ለእግረኛ አይከፈትም። በካርታ ላይ አጥር ለአጥር የሆነ ቤት ዙሪያውን ሲዞሩት የግማሽ ሰዓት መንገድ ሊሆን ይችላል። የተለመደው የእግር ጉዞ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ 1 ኪሎ ሜትር 12 ደቂቃ ይፈጃል። ዳገት ካለ ይጨምሩበት።

ቀጥሎ የድምፅ ምንጮችን ምልክት ያድርጉ፦ የተማሪዎች ማደሪያ፣ ስታዲየም፣ በዋናው በር ፊት ለፊት የሚደረደሩት ካፌዎችና መጠጥ ቤቶች፣ የአውቶቡስ መነሻ፣ የማስተማሪያ ሆስፒታል ካለም የአምቡላንስ መግቢያው። ግንባታ የተጀመረበት ክፍት ቦታ ካለ እሱም ይጨመር፤ ግንባታ ከአንድ የኪራይ ውል ዕድሜ በላይ ሊቆይ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ጸጥ ያለው ጎን ቤተ መጻሕፍቱ፣ ቤተ ሙከራዎቹ ወይም የመምህራን መኖሪያ ያለበት ነው። ማደሪያና ዋና በር ያለበት ጎን ለመመላለስ ይመቻል፣ ለእንቅልፍ ግን አይመቸም።

እዚህ ላይ ስለ ድምፅ ጥቂት ማወቅ ገንዘብ ያድናል። ከአንድ ነጥብ የሚወጣ ድምፅ፣ ለምሳሌ የጄኔሬተር፣ ክፍት ቦታ ላይ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር በ6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ያህል ይቀንሳል። መኪና የማይቋረጥበት መንገድ ግን እንደ መስመር ስለሚሠራ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚቀንሰው 3 ዴሲቤል ያህል ብቻ ነው። ድምፅ ለጆሯችን በግማሽ የቀነሰ የሚመስለው ደግሞ 10 ዴሲቤል ያህል ሲወርድ ነው። እንግዲህ ከዋናው መንገድ በ20 ሜትር ፈንታ በ40 ሜትር ርቆ ለሚገኝ ቤት ተጨማሪ ኪራይ መክፈል የሚያስገኘው ጥቅም ትንሽ ነው። መሐል ላይ ሕንፃ ቢኖር ግን ነገሩ ይለወጣል፤ መንገዱን ከመስኮቱ የሚጋርድ ጠጣር ነገር ርቀት ብቻውን ከሚሠራው የበለጠ ይሠራል። ስለዚህ ካርታ ላይ የሚፈለገው ከመንገዱ ወደ ውስጥ የገባ፣ በሕንፃዎች ረድፍ የተጋረደ፣ ቢቻል መውጫ በሌለው ቅያስ ላይ ያለ ቤት ነው። አንድ ረድፍ ዛፍ ዓይንን ያስደስታል እንጂ ድምፅ አያቆምም፤ ደላላው «አረንጓዴ አጥር አለው» ሲል በዚህ ልክ ይስሙት።

ደረጃ 3፦ የፍለጋውን ጊዜ ይምረጡ

የዩኒቨርሲቲ አካባቢ ቤት ገበያ የሚንቀሳቀሰው በትምህርት ዓመቱ ነው። ትምህርት ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት ፈላጊው ይበዛል፣ ዋጋው ይወጣል፣ አከራዩም ጥያቄ ለመመለስ ትዕግሥት አይኖረውም። ተመራቂዎች በሚለቁበት ሰሞን ብዙ ቤት ይገኛል። በዓመቱ አጋማሽ የሚገኘው ቤት ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ባዶ ቤት የያዘ አከራይ ለድርድር ልቡ ክፍት ነው። የሚችል ሰው ይህን ጊዜ ቢመርጥ እመክራለሁ።

አንድ ወጥመድ አለ። በዕረፍት ወቅት ያዩት ሰፈር ትምህርት ሲጀመር የሚኖሩበት ሰፈር አይደለም። ግቢው ባዶ ሳለ ቤት ለማየት ከተገደዱ «አሁን ጸጥ ብሏል» የሚለውን እንደ ማስረጃ አይቁጠሩት፤ ሴሚስተር ላይ ምን እንደሚመስል ዓመት ሙሉ የሚኖሩ ጎረቤቶችን ይጠይቁ።

ደረጃ 4፦ ይፈልጉ፣ ግን ሳያዩ አይክፈሉ

የዩኒቨርሲቲው የመኖሪያ ቤት ጉዳይ ቢሮ ካለ ከእሱ ይጀምሩ። ከዚያ የትምህርት ክፍሎች የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ለቀው የሚሄዱ ተማሪዎችና መምህራን፣ ደላሎች። በእግር መዞርም አይናቅ፤ ጸጥ ባሉ መንደሮች ያሉ አከራዮች፣ በተለይ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ማስታወቂያ ከማውጣት ይልቅ በሰው በሰው ማከራየት ይመርጣሉ። የማእዘኑ ባለ ሱቅ የትኛው ቤት ሊለቀቅ እንደሆነ ከደላላው ቀድሞ ያውቃል።

ማጭበርበር የሚበዛውም እዚሁ ነው፤ ከሌላ ከተማ የሚመጣ አዲስ ተማሪ ቤቱን በአካል ሳያይ ለመክፈል ይጣደፋልና። ዋጋው ከአካባቢው ዋጋ በጣም ከወረደ፣ «ባለቤቱ ውጭ አገር ነኝ፣ ገንዘቡን ላክልኝና ቁልፉን እልክልሃለሁ» ከተባለ፣ ወይም «ዛሬ ካልከፈልክ ሌላ ሰው ይወስደዋል» የሚል ጥድፊያ ካለ ይተዉት። ፎቶዎቹን በኢንተርኔት የምስል ፍለጋ ይሞክሯቸው፤ የተሰረቁ ከሆኑ ሌላ ከተማ ለሚገኝ ሌላ ቤት ተለጥፈው ሊያገኟቸው ይችላሉ። ራስዎ መሄድ ካልቻሉ የሚያምኑት ሰው ሄዶ በቀጥታ ቪዲዮ እየዞረ ያሳይዎ። ከፊትዎ ያለው ሰው ባለቤት ወይም ሕጋዊ ወኪል መሆኑን ደግሞ በመታወቂያና በቤቱ ሰነድ ያረጋግጡ። ራሱ ተከራይ የሆነ ሰው የማከራየት ፈቃድ ሳይኖረው ቢያከራይዎት የሚወጡት እርስዎ ነዎት።

ደረጃ 5፦ ቤቱን ከአንድ ጊዜ በላይ ይዩት

የዚህ ሁሉ ሥራ እምብርት ይህ ደረጃ ነው። ብዙ ሰው አከራዩ በቀጠረው ሰዓት፣ በቀን፣ አከራዩ እያወራ ሩብ ሰዓት ዞሮ አይቶ ይወስናል። ያ ሰዓት ስለ ሌሊቱ ምንም አይነግርም።

ቢያንስ በሦስት የተለያየ ሰዓት ይሂዱ፦ በሥራ ቀን ጠዋት ሰው በሚወጣበት ሰዓት፣ በሥራ ቀን ምሽት፣ የሳምንቱ ሥራ ባለቀበት ቀን ሌሊት። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ወደ ቤቱ መግባት አያስፈልግም፤ መኝታ ክፍሉ በሚያይበት በኩል መንገድ ላይ ቆሞ ማዳመጥ ይበቃል። ሌሊት ሩቅ ያለ መንገድ ወይም ሙዚቃ ከቀን ይልቅ ጎልቶ ሲሰማዎ አይገረሙ። የቀኑ ግርግር ይጠፋል፤ ሰማዩ ጥርት ባለና ነፋስ በሌለው ሌሊት ደግሞ ምድር አጠገብ ያለው አየር ከላይኛው ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ ድምፁ ወደ ላይ መበተኑን ትቶ ወደ ታች ይታጠፋል።

ቤቱ ውስጥ ሲገቡ ሰላምታውና ጉብኝቱ ካለቀ በኋላ አከራዩን «አሥር ደቂቃ ብቻዬን ልቀመጥ» ይበሉት። ትንሽ ያሳፍራል፣ ግን ይጠይቁ። መኝታ ክፍሉ ውስጥ መስኮቱን ዘግተው፣ ስልክዎን አጥፍተው ያዳምጡ። ቀጥሎ መስኮቱን ከፍተው ያዳምጡ፤ አየሩ ሞቃት ከሆነ የሚኖሩት መስኮት ከፍተው ነውና እውነተኛው መለኪያ ይህኛው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ እንቅልፍ እንዳይረበሽ በመኝታ ክፍል ውስጥ የማያቋርጥ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል፣ ድንገት የሚመጣ አንድ ድምፅ ደግሞ ከ45 ዴሲቤል ባይበልጥ ይመከራል ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2009 ለአውሮፓ ባወጣው ሌላ መመሪያ ከቤት ውጭ ላለው የሌሊት ድምፅ 40 ዴሲቤልን ወሰን አድርጓል። ለንጽጽር ያህል ሁለት ሰዎች በቅርብ ሆነው በመደበኛ ድምፅ ሲያወሩ 60 ዴሲቤል ያህል ነው። የስልክ መተግበሪያ ትክክለኛ መለኪያ አይደለም፤ ሆኖም በአንድ ስልክ፣ በአንድ ዓይነት ሰዓት ሁለት ቤቶችን ለማነጻጸር ይረዳል።

ከዚያ ድምፅ የሚገባበትን ይፈልጉ። ከግድግዳ ይልቅ መስኮቱና በሩ ላይ ያተኩሩ። ከግድግዳው ስፋት መቶኛው ብቻ ክፍት ቢሆን፣ ግድግዳው የቱንም ያህል ወፍራም ቢሆን ከ20 ዴሲቤል በላይ መከላከል አይችልም። በበር ሥር ያለ ክፍተት፣ የማይገጥም መስኮት፣ ለአየር የተተወ ቀዳዳ፤ የድምፁ መግቢያ እነዚህ ናቸው። ደስ የሚለው ክፍተትን በጎማና በማሸጊያ መዝጋት ርካሽ ነው። ወፍራም መጋረጃ ግን ክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ይቀንስ ይሆናል እንጂ የውጩን ጩኸት አይመልስም። መኝታ ክፍሉን ከጎረቤት የሚለየውን ግድግዳ በኃይል ሳይሆን በጣት አንጓ ቀስ ብለው ይምቱት፤ እንደ ከበሮ ካስተጋባ ቀጭን ክፋይ ነው፣ የጎረቤትዎን ስልክ ወሬ ይሰማሉ። የቤዝ ድምፅ ደግሞ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ግድግዳን ያልፋል፤ አንድ ብሎክ ርቆ ያለ መጠጥ ቤት ዘፈኑ ሳይሰማ ምቱ ብቻ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

ፎቅ ከሆነ የላይኛው ጎረቤት ኮቴ የራሱ ጉዳይ ነው። የእርምጃና የወንበር ጉተታ ድምፅ በወለሉ አካል ውስጥ ስለሚጓዝ ኮርኒሱን በማስጌጥ አይቆምም። የመጨረሻው ፎቅ ከዚህ ያድናል፤ በምትኩ የውሃ ፓምፕ፣ የሊፍት ሞተር ወይም ዝናብ የሚመታው ጣሪያ ሊገጥምዎ ይችላል። መኝታ ክፍሉ ከሊፍቱ፣ ከደረጃው ወይም ከጎረቤት መታጠቢያ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ መሆኑን ይዩ።

ቤቱ የጸጥታውን ፈተና ካለፈ በኋላ የቀረውን በፍጥነት ያረጋግጡ። ቧንቧዎችን በአንድ ጊዜ ይክፈቱ፣ የውሃውን ግፊት ይዩ፣ መጸዳጃውን ይልቀቁ። የስልክ ቻርጀር ይዘው ሶኬቶቹን ይሞክሩ። በቅርብ ቀለም የተቀባ አንድ ጥግ ካዩ፣ አልጋና ቁም ሣጥን የሚቆሙበት ጀርባም የሻጋታ ሽታ ካለው፣ እርጥበት ተሸፍኖ ይሆናል። ኔትወርክ፣ የበር ቁልፍ፣ ማታ የመንገድ መብራት፣ እሳት ቢነሣ የሚወጡበት ሁለተኛ መንገድ መኖሩንም ይዩ።

ደረጃ 6፦ ለሦስት ሰዎች ጥያቄ

አከራዩን «ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው?» ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ የታወቀ ነው። «ካሁን በፊት የነበረው ተከራይ ስንት ጊዜ ቆየ? ለምን ለቀቀ? አጠገቡ ያለው ባዶ ቦታ የማነው?» ብለው ይጠይቁ። የሚለቀውን ተከራይ ብቻውን ካገኙት ማስያዣው በሰላም እየተመለሰለት እንደሆነ ይጠይቁት፤ ይህ አንድ ጥያቄ ስለ አከራዩ ብዙ ይናገራል። ጎረቤትን ደግሞ ቅሬታ ለመስማት ሳይሆን ልማዱን ለማወቅ፦ «ሌሊት ላይ ሰው የሚበዛው በየትኛው ቀን ነው?»

ጸጥ ባለ ሰፈር እርስዎም ይመረመራሉ። ተማሪ መሆንዎን የሰማ አከራይ በዓይኑ የሚመጣበት ጭፈራ ነው። ከቀድሞ አከራይ አጭር የድጋፍ ደብዳቤ፣ የዩኒቨርሲቲ መታወቂያ፣ የገቢ ወይም የስኮላርሺፕ ማስረጃ፣ ካስፈለገም ዋስ አዘጋጅተው ቢሄዱ ከሌላው ፈላጊ ይቀድማሉ። ኪራይ ለማስቀነስም ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም፤ ረጅም ጊዜ የሚቆይና ድምፁ የማይሰማ ተከራይ ለባለቤቱ ከትንሽ ጭማሪ ይሻለዋል።

ደረጃ 7፦ ውሉን አንብበው ይፈርሙ

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። «መስኮቱን አስጠግናለሁ»፣ «ጄኔሬተሩን ማታ አናስነሣም» የሚል ተስፋ ሁሉ ከነቀነ ገደቡ ውሉ ውስጥ ይግባ። የኪራይ ሕግ ከአገር አገር ይለያያል፤ በብዙ ቦታ ሕጉ ለተከራይ የሰጠውን መብት ውሉ ሊነጥቀው አይችልም፤ ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት ያሉበትን አገር ሕግ ያንብቡ፣ ዩኒቨርሲቲው ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጥ ከሆነ ይጠቀሙበት።

በውሉ ውስጥ በተለይ እነዚህን ይፈልጉ። የውሉ ዘመን ከትምህርት ዓመቱ ጋር ይገጥማል ወይ? ውሉ የ12 ወር ሆኖ እርስዎ የሚኖሩት 9 ወር ከሆነ የዕረፍቱን ወራት ማን ይከፍላል? በዚያ ጊዜ ለሌላ ሰው አሳልፎ ማከራየት ይፈቀዳል? ከዘመኑ በፊት ለመልቀቅ ስንት ጊዜ ቀድሞ ማስታወቅ ያስፈልጋል፣ ቅጣቱስ? ኪራይ የሚጨመረው መቼና በምን ልክ ነው? አከራዩ ወደ ቤቱ የሚገባው አስታውቆ ነው ወይስ እንዳሻው? ማስያዣው በየትኞቹ ምክንያቶች ይቆረጣል፣ ከለቀቁ በኋላ በስንት ቀን ይመለሳል? ቆጣሪው የግል ነው የጋራ? የጋራ ከሆነ ሒሳቡ በምን ይካፈላል?

ከጓደኛ ጋር ለሚከራይ አንድ ቃል። ሁላችሁም በአንድ ውል በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ሆናችሁ ከፈረማችሁ አንዱ ሳይከፍል ቢጠፋ አከራዩ ሙሉውን ኪራይ ከቀሪው ሊጠይቅ ይችላል። የሚቻል ከሆነ ለየክፍሉ የተለየ ውል ይሻላል። የማይቻል ከሆነ ደግሞ በእናንተ መካከል የምትፈራረሙት አንድ ገጽ ስምምነት ይኑር፦ ማን ስንት ይከፍላል፣ ቀድሞ የሚለቅ ምትክ ያመጣል ወይ፣ እንግዳ እስከ ስንት ሰዓት፣ ከስንት ሰዓት በኋላ ሙዚቃ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ። ጸጥ ያለ ሰፈር መርጦ ጩኸቱን ከክፍል ጓደኛ ማግኘት የተለመደ ነው።

ገንዘብ ሲከፍሉ በባንክ ይሁን ወይም የተፈረመበት ደረሰኝ ይቀበሉ። ቀብድ ከሰጡ ቤቱ ባይሰጥዎ እንደሚመለስ በጽሑፍ ይያዝ።

ደረጃ 8፦ ርክክብ

ዕቃዎ ከመግባቱ በፊት ባዶውን ቤት በቪዲዮ ይቅረጹ፤ የተሰነጠቀ ሰድር፣ የተላጠ ቀለም፣ የማይዘጋ በር፣ ሁሉንም በቅርብ። የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ንባብ ከነቀኑ ፎቶ ያንሡ። የዕቃ ዝርዝሩን ሁለታችሁ ፈርማችሁ አንዳንድ ቅጂ ያዙ፣ የተሰጡት ቁልፎች ብዛትም ይጻፍበት። በአከራዩ ፈቃድ የውጭ በሩን ቁልፍ ሲሊንደር ይቀይሩ፤ የቀድሞዎቹ ተከራዮች ስንት ቅጂ እንዳስቀረጹ ማንም አያውቅም። በመጀመሪያው ሳምንት ያገኙትን ጉድለት ለአከራዩ በስልክ መልእክት ይላኩ፤ የተላከበት ቀን በኋላ ማስረጃ ይሆናል።

ደረጃ 9፦ ከገቡ በኋላ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ የራሳችን ድምፅ ለራሳችን አይሰማንም። ከወንበር እግር ሥር የሚለጠፍ ጨርቅ፣ በመተላለፊያው ላይ ምንጣፍ፣ ስፒከርን ከወለልና ከግድግዳ ማራቅ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን በቀን ማስነሣት። ዕቃ የሚያስገቡበትንም ቀን ለጎረቤት አስቀድመው ይንገሩ።

ጎረቤት ቢረብሽዎ በሌሊት ተናደው በር አያንኳኩ። በማግሥቱ በቀን፣ በሰላምታ ይጀምሩ፤ ብዙ ጊዜ ድምፁ ወደ እርስዎ እንደሚያልፍ ሰውየው ጨርሶ አያውቅም። ካልተሻሻለ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የድምፁን ዓይነት መመዝገብ ይጀምሩ። መዝገቡን ይዘው ለአከራዩ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ረባሾቹ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ከሆኑም የተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ ከግቢ ውጭ ስላለ ባህርይ ቅሬታ ይቀበል እንደሆነ ይጠይቁ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ለውጥ ካልመጣ የውሉን የማስታወቂያ ጊዜ ቆጥረው፣ ተመራቂዎች ከሚለቁበት ሰሞን ጋር አገጣጥመው ፍለጋውን እንደገና ይጀምሩ።